የጉልበት ልክ ውኃ

ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ ፊላው ከፊላ ተጣብቋል፤
ቼ ሊኮንዴ ቆሞ ይገፋል፤ ሸንበቆው ጭቃ ይወጋል፤
እኔ ከታንኳው መሀል ነኝ፣ ጭኔ ላይ መዝገብ ዘርግቼ፣
ማስመሪያና ሚዛን ይዤ፣ ከዞምባ ቢሮ መጥቼ፣
የቺልዋን ዓሣ ልቆጥር።

"ዓሣ ደግሞ ይቆጠራል?" አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

መልስ አጣሁ።
ሸንበቆውን ከውኃ መዞ፣ ጎኔ አቆመው እንደ ክንድ፤
እርጥቡ ጉልበቴ ጋ ቀረ፤ ከዚያ በላይ ደረቅ ግንድ።
"ይኸው ሐይቁ። ይኽችው ናት።
በዚች ልክ ነው የምንበላ፣ በዚች ልክ ነው የምንራብ፤
የቀረውን ጻፍ እንግዲህ፣ ፊደል ካለህ የሚያጠግብ።"

በድርቁ ዓመት ሐይቁን በብስክሌት ነው የተሻገረው፤
እዚሁ፣ ከተቀመጥኩበት ሥር፣ ጎማ ፈንድቶ ነበር ያስቸገረው።
ጭቃው እንደ አሮጌ ሳህን ተሰነጣጥቆ፣ ጨው አብቦበት፣
ታንኳው ተደፍቶ፣ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋበት፣
መረቡ አጥር ሆኖ በባቄላ ማሳ ዳር ተወጠረ፤
ሕፃናት ዓሣ የሚያውቁት ከቆርቆሮ ላይ በሥዕል ነበረ።

"አምባዛ ብልጥ ነው" ይላል፣ "ጭቃውን ለብሶ ይተኛል፤
አየር በአፉ እየቀመሰ፣ ዝናብ እስኪጠራው ይቆያል።
ቆሮሶ ግን አይሆንላትም፤ ልጆቿን በአፏ ታሳድራለች፤
ውኃው ሲሞቅና ሲያንስ
አፏን እንደዘጋች ትሞታለች።"

ያኔ ነው ናቤንጃ፣ ዓሣ ጠብሳ ትሸጥ የነበረች፣
ከዶማሲ ወንዝ አፍ፣ የቤት ወለል ከማትበልጥ ኩሬ ዳር የተቀመጠች፤
ሌት ተቀን፣ በእጇ ዱላ።
ኩሬዋ ውስጥ ምናልባት አርባ ቆሮሶ፣ ምናልባት ሃምሳ፤ ከዚያ ሌላ
በዚያ በኩል የተረፈ ዘር አልነበረም።
መንደሩ ረገማት፦ "ልጅ እየተራበ ዓሣ ትጠብቃለች!"
አንድ ሌሊት የገዛ ልጇ፣
ኤላርድ፣ ከክሊኒክ የተሰጠ የትንኝ አጎበር ይዞ መጣ፤
በቢላ ቀደደችበት። አልጮኸም። አልተቆጣ።
በጠዋት ወደ ሞዛምቢክ ተሻገረ፤ ደብዳቤም ከዚያ አልወጣ።

"ዛሬ መረቤን የምትሞላው ያቺው ኩሬ ናት" አለ ሽማግሌው፤
"ደግ አደረገች፣ ክፉ አደረገች፣ እኔ አይደለሁም የማውቀው፤
ልጇን ግን በስሙ ስትጠራው
ሰምቼ አላውቅም።"

መረቡ ወጣ። ቆጠርኩ፦
ማቴምባ አንድ ባልዲ፣ ከትንሿ ጣቴ የማይበልጥ፤
አምባዛ ሰባት፣ ጢሙ በእኔ የሚያላግጥ፤
ቆሮሶ አንዲት።
ማስመሪያው ላይ ሳጋድማት አፏን ከፈተች፤
ጫጩቶቿን መዝገቤ ላይ ዘረገፈች፣
የዓይን ሽፋሽፍት ያህል፣ ሁሉም ዓይን ብቻ፤
ሰባ ድረስ ቆጥሬ ተምታታብኝ።

ማስመሪያዬን በክርኑ ገፋ፤
በመዳፉ ውኃ እየጨለፈ ከወረቀቱ አጠባቸው፣
እሷንም ቀስ አድርጎ አወረዳት፣ ከዚያው ካሉበት፣ ከጎናቸው።
"ጠብቅ" አለኝ፣ "ወደ አፏ ተመልሰው እስኪገቡ።"
ጠበቅን። ትንኝ በላን። ቀለሙ ከመዝገቡ
ሟሙቶ ጭኔ ላይ ወረደ።

የቅጹ መጨረሻ መስመር፦ የመጪው ዓመት ተስፋ።
ሦስት ሣጥን። ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ።
እጄ ከሣጥን ሣጥን ተንፏቀቀ፤ እስክሪብቶው ቀለም ተፋ።

"ምን ጻፍክ?"
"መካከለኛ።"
ሳቀ፤ ጥርሱ ሁለት ነው፤ ጉንጩ ገባና ወጣ።
"መካከለኛ! ናቤንጃ ትስማህ! በል ሁለት አምባዛ ግዛና ውጣ፤
በሚዛንህ ግን አይደለም፤ እኔ በእጄ ነው የምመዝን።"

ሸንበቆውን ሰደደ።
ጉልበት ድረስ ረጠበ፤ ምናልባት ካቻምና ከነበረው
አንድ ጣት ከፍ ብሎ።
አልጻፍኩትም።